የተሰፋ ጉልበት

ልብስ ሰፊዋ በተራራው ግርጌ ባለው ማረፊያ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ክር ስትስብ ልጇ በሩን በርግዶ ገባ። ከከተማ ድረስ ሲበር መጥቶ የመኪናውን ቁልፍ እንኳ ከእጁ አላስቀመጠም ነበር።

«እማዬ፣ በፈጠረሽ ተነሺ ወደ ቤት እንሂድ። ገና በቅርቡ ቀዶ ጥገና ባደረግሽበት ጉልበት ተራራ ትወጫለሽ?»

«አሳምረው ሰፍተውታል። እኔ ደግሞ ስፌት አውቃለሁ» አለችው ቀና ሳትል። «ሐኪሙም ተራመጂ ብሎኛል።»

«ተራመጂ አለሽ እንጂ ሰማይ ንኪ አለሽ?»

ሳቋ መጣና ዋጠችው። ከሳቀች እንደምትለሳለስ፣ ከተለሳለሰች ደግሞ እጇን ይዞ መኪናው ውስጥ እንደሚያስገባት ታውቃለች። ስንት ዓመት ሙሉ ከስፌት መኪናዋ ቀና ባለች ቁጥር በመስኮት ስታየው የኖረችው ተራራ አሁን ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። ክሩን ጥብቅ አድርጋ ቋጠረችና ምርኩዟን ይዛ ተነሣች። ጉልበቷ ወጋት፤ ፊቷ ላይ ግን አላሳየችም።

ተራራውን የሚያወጣት መንገድ መሪ ከውጭ ተጣራ። ልጇ እሷን አየ፣ በሩን አየ፤ ከዚያ ወደ ማረፊያ ቤቱ ጠባቂ ዞሮ «የሚከራይ ጫማ አላችሁ? አርባ ሦስት ቁጥር» አለ።

እናቱ አልፋው ወጣች። «ብትመጣ ደስ ይለኛል» አለችው ከደጅ፤ «ግን ከኋላዬ ነው የምትሄደው። ፊት ፊቴ ከሄድክ እንመለስ ማለትህ አይቀርም።»