ከሚካኤል እግር ሥር

አዲሱን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያየ ሁሉ እየሳቀ ይወጣል። በቅዱስ ሚካኤል እግር ሥር የተረገጠው ሰይጣን ከነጎባጣ አፍንጫው፣ ከነፍንጭት ጥርሱ ቁርጥ የወይዘሮ ትደነቅያለሽን ሟች ባል ይመስላል። ወሬው ጆሮዋ ሲደርስ ነጠላዋን አጣፍታ ገሰገሰች። ሰዓሊው መሰላል ላይ ሆኖ ክንፍ ይቀባል።

«አንተ! የሞተ ሰው ምን አደረገህ?»

«እትዬ፣ በሕይወት ሳሉ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ‹ቀለም ለቅላቂ› እያሉ ሲያሾፉብኝ ኖሩ። ያኔ የያዝኩት ቂም ነው። አሁን ግን ራሴም አፈርኩ፤ ይኸው አጠፋዋለሁ» አለና ብሩሹን ነጭ ቀለም ውስጥ ነክሮ ወረደ።

እሷም ጎንበስ ብላ ሥዕሉን አየችው። ሰባት ዓመት ሙሉ ያላየችው ፊት ነው። ቀልድ ሊጀምር ሲል እንደሚያደርገው አንድ ቅንድቡን ሰቅሏል። ያ ሁሉ ንዴቷ የት እንደገባ ጠፋት። ብሩሹ ሊያርፍበት ሲል የሰዓሊውን እጅ ለቀም አደረገች።

«ተወው» አለች ቀስ ብላ። «አንድ ፎቶ እንኳ ሳይነሳ ነው የሞተብኝ። ቀንዱን ብቻ ትንሽ አሳጥርልኝ።»