የሃምሳ አለቃ አክሊል ሰዓት

«አካም፣ ጋሽ ወልደየሱስ?»

«ናጋ» ብለው የኦሮምኛ ሰላምታውን መለሱ ጋሽ ወልደየሱስ ቀና ሳይሉ። ዓይናቸው ላይ ሌንስ፣ እጃቸው ላይ ወረንጦ ነበር። ድምፁን የት እንደሚያውቁት ግን ልባቸው ቀድሞ ነገራቸው፤ ቀና ሲሉ ሌንሱ ወድቆ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ።

ከሰዓት መጠገኛ ሱቃቸው መስኮት ወዲያ የቆመው ሃምሳ አለቃ አክሊል ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ሰሜን ሲዘምት ሰዓቱን ለጽዳት ትቶ የሄደው፣ ሞተ ተብሎ የተለቀሰለት አክሊል። ከስቷል፤ ባርኔጣው ሰፍቶታል።

ወጥተው አቀፉት። እንባቸው ቀደማቸው።

«ቤት ገባህ?» አሉት፤ ሲጠይቁ ፈርተው ነበር።

«ገና ከመኪና መውረዴ ነው። ተማርኬ፣ ከዚያ ሆስፒታል... ብዙ ነው ጋሼ። ስደውል የበዛብሽ ስልክ አይሠራም። ሰዓቴን አስሬ ልግባ ብዬ ነው። የሰጠችኝ እሷ አይደለች፤ ባዶ እጄን ብታየኝ ጠፋበት ብላ ታኮርፋለች።» ሳቀ።

የአክሊል ሚስት የነበረችው በዛብሽ ከፋሲካ ወዲህ የአስተማሪው የወንዶሰን ሚስት ናት። ነገሌ ከተማ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው ቢኖር አክሊል ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ እንደ መርዶ ነው፤ ሽማግሌ ተጠርቶ፣ ሰው ተቀምጦ በወጉ ይነገራል እንጂ አንድ ሰዓት ሠሪ በመስኮት አያቀብለውም። ጋሽ ወልደየሱስ የፈለጉት ልጁን በደህና ሸኝተው፣ ቤቱ ሳይደርስ ሽማግሌ መላክ ነበር።

ሰዓቱን ከመሳቢያ አወጡለት። አክሊል ሞላው፣ ጆሮው ላይ አደረገው፣ ጠበቀ። እንደገና ሞላው።

«አይሠራም እኮ።»

«ባላንሱ የለም። ውስጡ የምትወዛወዘዋ ትንሿ ሽክርክሪት።»

«ታዲያ ቀይሩልኛ፤ እጠብቃለሁ።»

ድሮ ቢሆን ነገ ና ይሉትና ለአዲስ አበባ ይደውሉ ነበር፤ ዕቃው በአውቶቡስ ይመጣል፣ ባላንሱ የት እንደገባም ሳይጠየቅ ይቀራል። አሁን ፋብሪካው መለዋወጫ የሚሰጠው ራሱ ለመዘገባቸው ወርክሾፖች ብቻ ነው። አስመጪው ቤት ስንቴ ደውለው ለመኑ! «ዕቃ አንሸጥም አባባ፣ ሰዓቱን ይላኩልንና እኛ እንሠራዋለን» ይላል ስልክ የሚያነሳው ልጅ፣ ማር በመሰለ ትሕትና። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራ ሰው ዛሬ ፖስተኛ ሁን ተባለ። ለእሳቸው የቀራቸው ባለቤት የሌለውን ሰዓት አርዶ ዕቃውን ባለቤት ላለው መስጠት ነው።

«ለሀላኬ ሰጠኋት» አሉ። «ዱብሉቅ ጤና ጣቢያ ያለው ነርስ። የሳንባ ምች የያዛቸውን ሕፃናት ትንፋሽ በሰዓቱ ነው የሚቆጥረው። ሰዓቱ ከአንተው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ዕቃው ከየትም ጠፋ፣ አክሊል።»

የአክሊል ፊት ጠቆረ። «የእኔን ከፍተው? እርስዎ? የጦር ካምፑ ሁሉ የሚያምንዎት እኮ የዘማች ዕቃ ሳያስፈቅዱ አይነኩም ተብሎ ነው። እንግዲህ እርስዎም እንደ ሌላው ሆኑ!»

ይህችን መቻል አቃታቸው። ለስማቸው ሟች ናቸው።

«ሳላስፈቅድማ አልነካሁም!»

ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ምላሳቸውን ቢቆርጡት ወደዱ። አክሊል ሰዓቱን እንደያዘ ቀረ።

«ማንን አስፈቀዱ?»

አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን እየነፋ አለፈ።

«በዛብሽን?» አለ አክሊል።

«ልጄ፣ ሞቷል አሉን። ጓዶችህ ናቸው መጥተው ያረዷት። ድንኳን ተከልን፣ ለቅሶ ተቀመጥን። ተዝካርህን አወጣች። ሰዓቱን ስጠይቃት አልቅሳ ‹ለሕፃናት ከሆነ ይውሰደው› አለች።»

«ጥቁር ለበሰች?»

«ዓመት ሙሉ።»

«አሁንስ?»

ጋሽ ወልደየሱስ ጠረጴዛው ላይ የተበተኑትን ብሎኖች አንድ በአንድ መልቀም ጀመሩ። «ግባና ሻይ ጠጣ» አሉ። «ሽማግሌ ልጥራ። እባክህ አክሊል፣ ግባ።»

አክሊል አልገባም። ሰዓቱን እጁ ላይ አሰረ።

«ስንት ሰዓት ነው?»

«ዘጠኝ ከሩብ።»

መሙያውን ስቦ ቆጣሪዎቹን እያዞረ ዘጠኝ ከሩብ ላይ አቆማቸው።

«መምጣቴን አይንገሯት» አለ። ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ ወደ መጣበት መናኸሪያ ተመለሰ።