ትንሹ ኦቨን

እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት እሱ እንዲማር ነው። ዛሬ ታናሽ ወንድሜ ኢንጂነር ሆኖ፣ ሦስት ወር በለፋሁበት የሬዲዮ ቦርድ ላይ ዕቃዎቹን የሚያጣብቀውን ሊድ የማቀልጥበት ኦቨን ስመርጥ ባለሱቁ ፊት ያርመኛል።

«ትንሹ ይቅርብህ ጋሼ፣ በአንድ ጎኑ ያሳርራል።»

«ዲግሪህን እዚያው!» አልኩና ቦርዴን ለሙከራ ትንሹ ውስጥ ከተትኩት። ሊዱ ቀልጦ ማብረቅረቅ ሲጀምር ወንድሜ ጓንት አጥልቆ በሩን ከፈተና እጁን ሰደደ። የመጀመሪያ ሥራዬን ሊያበላሽብኝ! በሩን በጉልበቴ ገፍቼ ክንዱን ቀረቀርኩት። ጮኸ። የሚቃጠል ሥጋ ሸተተኝ። የሃያ ዓመት ቂሜን ይዤ የባሰ ገፋሁት። ባለሱቁ «ገደልከው እኮ ሰውዬ!» እያለ ጀርባዬን በወንበር እስኪያደቅቀኝ አልለቀቅኩም።

ወንድሜ እጁን አወጣ። ከጓንቱ በላይ ቆዳው ተገሽልጧል። መዳፉ ላይ ቦርዴ አለ፤ አንዱ ጥግ መጥቆር ጀምሮ ነበር። ሊዱ እንደቀለጠ ቦርዱን ትንሽ ካዘነበሉት፣ ላዩ ላይ ያለው ዕቃ ሁሉ ተንሸራትቶ ይወርዳል። እሱ እያለቀሰም አላዘነበለውም።

ልደግፈው እጄን ዘረጋሁ።

«እንዳትነካኝ ጋሼ» አለ፤ «ሊዱ ገና አልረጋም።»