ደረቅ አክርማ

የግቢው በር ሲደበደብ ጫልቱ መጽሐፍ ቅዱሱን ከስንደዶው ነዶ ስር ሸጎጠችው። ለተከለከለው ጸሎት የተሰበሰቡት ሦስት ሴቶችም ለሽፋን ይዘውት የሚመላለሱትን፣ ከዓምና ጀምሮ አንድ ዙር ያልጨመረ ስፌት ብድግ አደረጉ። ባዶ እጇን የቀረችው ከስዊድን የመጣችው እንግዳ ብቻ ናት። አገሩን ከረገጠች ገና ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ አማርኛ የሚባል አታውቅም። ጫልቱ የተጀመረ ሰፌድ ከነወስፌው ጭኗ ላይ ጣል አደረገችላት።

ወንድይራድ ጠመንጃውን እንዳንጠለጠለ ገባ። የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ነው፤ እናቱ በለጡ የካ ሚካኤል አካባቢ የታወቀች መሶብ ሰፊ ናት። የጫልቱ ባል ገመዳ በዚሁ ጸሎት ሰበብ ከታሰረ ስምንት ወሩ። እሷም ከተያዘች ሁለቱ ልጆቿ ሜዳ ላይ መቅረታቸው ነው።

ፈረንጇ እዚህ ምን ትሠራለች ሲል ጠየቀ። ስፌት ልትማር ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ እያስተማርናት ነው አለችው ጫልቱ።

«እስቲ ትስፋ፣ ልያት።»

እንግዳዋ ቃሉ ባይገባትም ጠመንጃው ገብቷታል። በወስፌው ወግታ ደረቁን የስፌት ሣር፣ አክርማውን፣ ስትስበው ቀጭ ብሎ ተበጠሰ። ሌላ አነሳች፤ እሱም ተበጠሰ። ወንድይራድ ወለሉን በዓይኑ ዞረው። ጫልቱ ያን ጊዜ በልቧ አለቀልኝ አለች። ከጠዋት ጀምሮ ሲሰፋ ዋለ በተባለበት ቤት አክርማ የሚርስበት አንድ ጣሳ ውሃ እንኳ የለም። ይህ ደግሞ ለመሶብ ሰፊ ልጅ አይጠፋውም።

ፈረንጇ ሦስተኛውን አክርማ ከንፈሯ መሃል አስገባች። በምራቋ አርሳ ሳበችው፤ አልተበጠሰም። አራተኛውንም እንዲሁ። በአገሯ ምን ስትሠራ እንደለመደችው እግዜር ይወቅ።

ወንድይራድ ቆሞ ብዙ አያት።

«እናቴም ውሃ ስታጣ እንዲህ ነው የምታደርገው» አለ፣ ለማንም የተናገረ አይመስልም። ከዚያ ወደ ጫልቱ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ ጫልቱ፣ ሌላ ጊዜ ውሃ ይቅረብ። ሁልጊዜ የምመጣው እኔ አይደለሁም።»

በሩ ተዘጋ። ሴቶቹ ስፌታቸውን ጥለው ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ፈረንጇ ግን አላቆመችም። መውጣቱን አይታለች፤ አይመለስም ብሎ የሚነግራት ግን የለም። አክርማውን በከንፈሯ እያራሰች ትሰፋለች።

ጫልቱ አጠገቧ ተቀመጠች። አይዞሽ ብትላት አይገባትም። እጇን ያዘች፤ በተቃራኒው የዞረውን ስፌት ቀስ ብላ ፈታችና ወስፌው የሚገባበትን ቦታ በጣቷ አሳየቻት።