የተኛው እጢ

ባለ ልኳንዳው እናቱን ወደ ቤቱ ያመጣቸው የመጨረሻ ጥርሳቸው በወለቀ ሰሞን ነው። ብቻቸውን እየኖሩ፣ ማኘክ አቅቷቸው ሲራቡ እንደከረሙ ያወቀው ዘግይቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ ሁሉ እሳቸውን ማብላት ሆነ።

ጠዋት ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ሥጋውን ራሱ ይበልታል። ጥርስ የሌለው ሰው የሚችለውን ለስላሳ ለስላሳውን ለይቶ፣ ሁለት ጊዜ ፈጭቶ ለሚስቱ ያደርስላታል። እሷ ታበስለዋለች፤ በማንኪያም ታጎርሳቸዋለች። እሱ ምሳውን እዚያው ሱቁ ውስጥ ቆሞ ይበላል። ሚስቱ ደግሞ ባለ ልኳንዳ አግብታ ሥጋ የማትቀምስ ሴት ናት። ጎረቤቱ ሁሉ፣ ይቺ ሴት ዳቦ ጋጋሪ ብታገባ በረሃብ ትሞት ነበር እያለ ይስቅባታል።

ሌላም ልማድ አላት። ጠዋት በባዶ ሆዷ አንዲት ነጭ እንክብል ትውጣለች። ከዓመታት በፊት እንቅርቷ በቀዶ ጥገና ሲወጣ የታይሮይድ እጢዋም አብሮ ስለወጣ፣ እጢው ይሠራላት የነበረውን ሆርሞን አሁን የምታገኘው ከእንክብሉ ነው። ብልቃጡ ወጥ ቤት፣ ከጨው ዕቃው አጠገብ ይቀመጣል።

በሦስተኛው ወር እናትየው መክሳት ጀመሩ። የሚበሉት ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ሰውነታቸው ግን እየሟሸሸ ሄደ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ በብርድ ቀን ያልባቸዋል፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር አጡ። ልባቸው ሲመታ ከልብሳቸው በላይ ይታይ ነበር።

ይህን መጀመሪያ ያስተዋለችው የባለ ልኳንዳው ታላቅ እህት ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ የእናቷን ቀሚስ በአንድ ወር ሁለት ጊዜ አጥብባ ዝም የምትል ዓይነትም አይደለችም። የወንድሟን ሚስት ከመጀመሪያውም አልወደደቻትም። ሞኝና ወረቀት ደግሞ የያዘውን አይለቅም።

እናቷን ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። ሐኪሟ ደማቸውን አስመርምራ እህትና ወንድምን ጠራቻቸው። የአሮጊቷ ደም በታይሮይድ ሆርሞን ተጥለቅልቋል። ሆርሞኑን የሚሠራው፣ አንገታቸው ላይ ያለው እጢ ግን ሥራ ፈትቶ ተኝቷል።

«ከራሳቸው አይደለም፤ ከውጭ ነው የሚገባላቸው» አለች ሐኪሟ። «በዚህ ከቀጠለ ልባቸው አይችልም።»

እህትየው ስለ ነጩ እንክብል ጠየቀች። ሐኪሟም፣ አዎ፣ ያው ሆርሞን ነው አለች።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት እህትየው እናቷን ይዛ ወደ ራሷ ቤት ሄደች። ከዚያ ቤት የወጣ እህል ውሃ በደጄ አይለፍ ብላ ማለች። ሾርባና እንቁላል ታበላቸው ጀመር። በስድስተኛው ሳምንት አሮጊቷ በገዛ እጃቸው መርፌ ላይ ክር ሰኩ፤ የጠበበው ቀሚስም እንደገና ተለቀቀ።

ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ባለ ልኳንዳው ሚስቱን ይወዳት ነበር። ስለዚህ እንክብሎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፎ ከማዘዣው ወረቀት ጋር አስተያየ። አንድም አልጎደለም። ይህን ለእህቱ ቢነግራት፣ ሌላ ብልቃጥ መግዛት ያቅታታል ወይ አለችው።

ሚስቱ ልብሷን እየሰበሰበች ነበር።

«እናትህን ያበላኋቸው አንተ ያመጣህልኝን ነው» አለችው። «ሌላ ነገር ከእጄ አልቀመሱም።»

«ታዲያ እማዬ ካንቺ ስትለይ እንዴት ዳነች?»

ሻንጣዋን አንስታ ወደ እናቷ ቤት ሄደች። እሱም በሩን ዘግቶ አለቀሰ፤ በማግሥቱ ግን ቁልፉን አስቀየረ።

እናትየው ተመለሱ። ባለ ልኳንዳው ከእንግዲህ ሰው አላምንም ብሎ ማብሰሉን ራሱ ያዘ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሱቁን ዘግቶ ይሮጣል። ስድስት ሳምንት በሾርባ የከረመ ጎን በዋዛ አይጠገንም እያለ ሥጋውን ከቀድሞው እጥፍ አደረገላቸው። እሳቸውም ልጃቸውን ደስ እንዲለው ብለው ሳያስተርፉ ይበላሉ።

በሁለተኛው ወር ማንኪያው ከእጃቸው ወደቀ።

እህትየው ልታብድ ደረሰች። ያቺ ሴት በመስኮት ነው የምትገባው አለች፤ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳም ቃሏን ሰጠች። ፖሊሶቹ ሚስትየውን ከእናቷ ቤት ወስደው ጠየቋት። ያለ መድኃኒቷ መቆየት እንደማትችል ብትነግራቸውም ብልቃጡን ለማስረጃ ያዙት።

አሮጊቷ ሆስፒታል ተኙ። ሐኪሟ ልባቸው ከዚህ ሳምንት ማለፉን እንደማታውቅ ለልጆቹ ሳትደብቅ ነገረቻቸው። በሦስተኛው ቀን ባለ ልኳንዳው ትኩስ ምሳ በሳህን ከድኖ ሲመጣ በር ላይ አገኘችውና ወደ ቢሮዋ አስገባችው። ማን ነው የሚያበስለው አለችው። እኔ አለ። ሥጋውንስ ማን ያመጣል? እሱንም እኔ አለ። ሌላ ሰው እጁን የሚያስገባበት ጊዜ ይኖር እንደሆነ ጠየቀችው። ቁልፉ ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም አላት።

ሐኪሟ የተከደነውን ሳህን ጥቂት ተመለከተችው።

«የታይሮይድ እጢ ከብትም አንገቱ ላይ አለው» አለች ቀስ ብላ። «እርስዎ ሲበልቱ የት ያደርጉታል?»

ባለ ልኳንዳው ስለ ሥራው የሚጠይቀው ሰው በማግኘቱ ፊቱ ፈካ አለ።

«ሌላው ለውሻ ይጥለዋል፤ እኔ ግን ከበሬው ሁሉ ለስላሳው እሱ ስለሆነ፣ ለማንም ሳልሸጥ ለእማዬ ነው የምፈጭላት።»