የወንድሜ ስክሪን

«ይኼን ለሌላ ሞኝ ሽጠው» እለዋለሁ ባለሱቁን። «ሰውየውን አረንጓዴ አድርጎታል እኮ!»

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስክሪኖች ጎን ለጎን በርተዋል። በሁለቱም ላይ ያለው ፎቶ አንድ ነው፤ የሚስቅ ሰውዬ። ትንሹ ላይ ደህና ሰው ነው፤ ትልቁ ላይ ግን ገና ከሆስፒታል የወጣ ይመስላል። ባለሱቁ አንገቱን ያካል። «አንቺስ ዓይንሽ ክፉ ነው፣ እህቴ» ይላል፤ ግን አይከራከረኝም።

ኮምፒውተሯን መርጫለሁ፤ የቀረኝ ስክሪኑ ነው። መጽሐፍ የምታክል ጥቁር ሣጥን ናት፤ ስትሠራ ድምፅ የላትም። ቤት ያለው አሮጌው እንደ ወፍጮ ያጓራል፤ አንድ ፎቶ እስኪከፍት ሰው ተኝቶ ይነሳል። እሱን የሰጠኝ ወንድሜ ነው። አባባ ካረፈ በኋላ ፎቶ ቤቱን ለብቻው ጠቅልሎ ያዘና ያንን ቆርቆሮ ኮምፒውተር በር ላይ አውጥቶ «ድርሻሽ ይኸውልሽ» አለኝ። ደንበኛ ፊት! «ቁልፍ ከመጫን ሌላ ምን ታውቂያለሽና?» የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔማ እንዴት ብዬ ልርሳ? ማሽኑ ባጓራ ቁጥር እንደ አዲስ እበግናለሁ።

የሱቁ በር ይከፈታል። ጉድ ፈላ! ወንድሜ ራሱ ነው።

«አንቺ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ድርሻዬ አረጀብኝ፣ ጋሼ። ልቀይረው ነው።»

ቀልድ የነገርኩት ይመስል ይስቃል። «የኛም አርጅቷል። የትምህርት ቤቱን የምረቃ መጽሔት ይዣለሁ፤ በዚያ ስክሪን የሚሆን አይደለም።»

የምረቃ መጽሔቱን! ያንን ሥራ ከተማሪ ፎቶ እስከ ሽፋኑ በየዓመቱ የምሠራው እኔ ነበርኩ። ዘንድሮ ሄጄ ብጠይቅ ርዕሰ መምህሯ «ሥራውን የሚያውቀው ወንድምሽ ነው ተባልን» ብላ ከበር መለሰችኝ። ሥራውን ብይዝ ኖሮ ቤት ከመሸሸግ ወጥቼ የራሴን ፎቶ ቤት እከፍት ነበር። አንጀቴ እንዳረረ ነው።

ወንድሜ ሁለቱ ስክሪኖች ፊት ይቆማል። ይጠጋል፣ ይርቃል፣ አንገቱን ዘመም ያደርጋል። «ሁለቱም ያው ናቸው። ትልቁ ይሻላል መሰለኝ» ይላል።

ባለሱቁ ቀና ብሎ ያየኛል። እኔ ጥቁሯን ሣጥን አገላብጣለሁ።

ወንድሜ ቀይና አረንጓዴ አይለይም። ይኼን እሱ ራሱ አያውቅም። ልብሱን እማማ እየመረጠች አሳደገችው፤ ፎቶ ቤት ሲገባ ደግሞ አባባ ለብቻዬ ጠርቶኝ «ወንድምሽን እንዳታሳፍሪው፣ ቀለሙን አንቺ እይለት» አለኝ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ ለሱ አፍ፣ ለኔ ዓይን ደረሰን። እሱ ምሳ ሲወጣ እየጠበቅኩ የሰዉን ፊት ሁሉ አስተካክላለሁ። ተመልሶ ለደንበኛ ያሳይና «አያችሁ የኔን እጅ!» ይላል። እንዲህ እየሸፋፈንን ኖርን።

አሁን በኔ ቦታ የቀጠራት ልጅ ለሥራው አዲስ ናት፤ ስክሪኑ ያሳያትን ታምናለች። ትልቁን ከወሰደላት አረንጓዴው ሲበዛባት ትቀንሰዋለች፤ ሲታተም የተመራቂው ፊት ሁሉ ቲማቲም ይሆናል። ወንድሜም የታተመውን አገላብጦ «ጥሩ ነው፣ አስረክቢ» ይላል። እሰይ! ያን ቀን ርዕሰ መምህሯ በሬን ስታንኳኳ ታየኝ።

ባለሱቁ ዕቃ ሊያወጣ ወደ ጓዳ ይገባል። ወንድሜ ጠጋ ይለኛል።

«ስሚ» ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ሥራው እንደ ድሮው አይወጣልኝም። ምን እንደጎደለው እንጃ። ሰው ፎቶውን ይቀበላል፣ ዝም ብሎ ያየዋል፣ በዚያው ይቀራል። የሚነግረኝም የለ።» ጣቱን በሁለቱ ስክሪኖች መሐል ያመላልሳል። «የቱን ልውሰድ? ያንቺን ዓይን አምናለሁ።»

ያንቺን ዓይን አምናለሁ! ምነው ይቺን ቃል አባባ በሕይወት እያለ ብሏት ቢሆን! ምነው በዚያ ቀን፣ በዚያ በር ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ብሏት ቢሆን! ሲያዋርደኝ እየጮኸ፣ ሲያምነኝ በሹክሹክታ። እንባዬ ይመጣል፤ ውጬ እመልሰዋለሁ። ጋሼ፣ ትንሹን ውሰድ፤ ጋሼ፣ ዓይንህን ተመርመር። ምላሴ ጫፍ ላይ ነው ያለው።

«ትልቁን» እለዋለሁ። «ለምረቃ የሚሆንህ እሱ ነው።»

ፊቱ ይፈታል። «እግዜር ይስጥሽ እታለም!» ብሎ ግንባሬን ይስመኛል። ካባረረኝ ወዲህ ስሞኝ አያውቅም።

ባለሱቁ ትልቁን ስክሪን ነቅሎ ካርቶን ውስጥ ይከተዋል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ ቀድሜ ልናገር» ይላል። ለሱ ይሁን ለኔ አልገባኝም፤ የሚያየው ግን እኔን ነው። «ለኔ ትንሹን አሽግልኝ» እለዋለሁ።

ወንድሜ ካርቶኑን ታቅፎ በአገጩ ይደግፈዋል። እግሩ ሥር ያለው አይታየውም። ደስ ብሎኛል፤ ምን ልደብቅ፣ በጣም ደስ ብሎኛል።

ያም ሆኖ ቀድሜው እሮጥና በሩን በጀርባዬ ገፍቼ እይዝለታለሁ።

«ቀስ በል፣ ጋሼ» እለዋለሁ። «ደረጃ አለ።»