ከኮንሰርት መልስ

ደንብ ወጣ። ኦቲዝም ያለበት ሰው ኮንሰርት የሚገባው ማርገቢያ የሚሉትን ሰውን የሚያረጋጋ መሣሪያ ከጆሮው ኋላ ለጥፎ ብቻ ሆነ። ሶልያና ለምትወደው ክራር ስትል እሺ አለች። እናቷ እቴነሽም ደስ አላት፤ ልጇ እንደ ሰው አዳራሽ ልትገባ ነው!

ሶልያና ስትመለስ እቴነሽ እራት እያሞቀች ነበር። አሮጌው ፍሪጅ እንደ ልማዱ እምምም ማለት ጀመረ። ልጅቷ ይህን ስትሰማ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጣቶቿን እያርገበገበች አብራው ታንጎራጉር ነበር። አሁን እጆቿን አጣጥፋ ዝም ብላ ተቀምጣለች።

"ክራሩ እንዴት ነበር የኔ ልጅ?"

"ጥሩ ነው። ማንንም አልረበሽኩም።"

እቴነሽ ራሷ ከፍሪጁ ጋር ማንጎራጎር ጀመረች፤ ልጇ ግን አልተከተለቻትም።

"ነይ፣ ያንን ነገር ላንሳልሽ" አለች ፀጉሯን ገለጥ አድርጋ።

"ስወጣ በር ላይ አስረክቤያለሁ እኮ፣ እማዬ።"